ስቴትመንቴ መሰከረብኝ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ አዘጋጅ፦

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ ወንድሜ ስለ ልጅ ቀለብ የጻፈውን አነበብኩ። «ፍርድ ቤት የሴት ወገን ነው። አባት ገና በሩን ሳይረግጥ ተፈርዶበታል» ይላል። ጋዜጣዋ መናኸሪያ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ነው እኔ ጋ የደረሰችው፤ ጠርዟ በሻይ ርሷል። ሹፌሮቹ ሁሉ «ሐቁን ተናገረ» አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። በቀለብ ጉዳይ የደረሰኝ የፍርድ ቤት መጥሪያ ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር። አሁን ግን ለዚያ ወንድሜ የምለው አለኝ።

እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። መኪናው የሰው ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የሐረጎን ተራራ ስወርድና ስወጣ እውላለሁ። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከፊትህ ያለውን መኪና እስኪያሳጣህ ይወርዳል። ለባለመኪናው የቀን ገቢ ታስገባለህ፣ ናፍጣ ትሞላለህ፣ ረዳቱን ታስባለህ፣ የተረፈው ያንተ ነው። የሚተርፍበት ቀን አለ። የማይተርፍበትም አለ።

ከልጄ እናት ጋር ከተለያየን ሁለት ዓመት አልፎናል። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ሁለታችንም መስማማት ነበረብን፤ አልተስማማንም፤ በመደበኛው ፍርድ ቤት አለቀ። ልጃችን 8 ዓመቷ ነው። በወር 2,000 ብር ቀለብ እንድሰጥ ተወሰነ። ዓመት ከምናምን በሥርዓቱ ከፈልኩ። ከዚያ ቆመ። ሰባት ወር፣ 14,000 ብር።

እሷ ውሳኔው ይፈጸምልኝ ብላ የአፈጻጸም መዝገብ አስከፈተች። መጥሪያው ላይ ከስሜ ጎን «የፍርድ ባለዕዳ» ተብሎ ተጽፏል። እሷ «የፍርድ ባለመብት» ናት። ውሳኔውን ለምን እንዳልፈጸምኩ ቀርቤ እንዳስረዳ ይላል። እኔ ባለዕዳ የሚባለው ሱቅ በዱቤ የበላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

መናኸሪያ ውስጥ ጠበቃ ያልሆነ ሰው የለም። «አብሽር» አሉኝ ሁሉም። አንዱ «ቀጠሮ አስቀይር። ነሐሴ ከገባ ፍርድ ቤት ይዘጋል፣ ክረምቱን ትገላገላለህ። እሷም መመላለሱ ሲሰለቻት ትተወዋለች» አለኝ። ሌላው «ሥራ የለኝም በል። ፔሮል የለህ፣ ከየት ያመጣሉ?» አለ። እውነቱን ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን ፍርድ ቤት ለመሥሪያ ቤቱ ጽፎ ከደመወዙ ያስቆርጥበታል። እኛን ማን ያገኘናል? ሦስተኛው ደግሞ «ባለመኪናውን በወር 3,000 ብር ነው የምከፍለው የሚል ወረቀት አጽፈው» አለኝ። ይሄኛው ገባኝ። ባለመኪናውም አልተግደረደረም፤ የመኪናው ኮፈን ላይ አስደግፎ ጻፈልኝ። በሳምንት ከዚያ በላይ የማገኝበት ጊዜ እንዳለ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ያዳነችኝ እህቴ ናት። «ወንድምዓለም፣ ይቺን ወረቀት ከማስገባትህ በፊት የተማረ ሰው አማክር» ብላ ነዘነዘችኝ። ነፃ የሕግ ምክር ከሚሰጡት አንድ ወጣት ጋ ሄድኩ። ልጅ እግር ነው፤ ሲያዩት ገና ጢሙ ያላበቀለ። ወረቀቱን አነበበና ምንም ሳይለኝ አጥፎ መለሰልኝ። «የከፈልክበት ማስረጃ አለህ?» አለኝ።

«በእጅ ሰጥቻለሁ።»

«ስንት? መቼ? ፈርማለች?»

ዝም አልኩ። ከዚያ ለአረፋ ጫማ መግዛቴን ነገርኩት። አንድ ቀን 500 ብር በእህቴ እጅ መላኬንም።

«ጫማው ጥሩ ነው፤ ልጅህ ተደስታለች። ግን ቀለብ ብለው ላይቆጥሩልህ ይችላሉ» አለ። «ለማንኛውም የባንክ ስቴትመንትህን አውጣና ና።»

ስቴትመንት ማውጣት ቀላል ነው። መታወቂያህን ትሰጣለህ፣ ጥቂት ብር ይቆረጥብሃል፣ ወረቀቱ ገና ትኩስ እያለ ይሰጡሃል። የኔ ስድስት ገጽ ሆነ። ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ገባሁና ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። ሐሳቤ ለእሷ የላክሁትን ሁሉ በቀይ አስምሬ ለዳኛው ማሳየት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ቀይ መስመር አገኘሁ። ሁለተኛው ላይ አንድ። ከሦስተኛው ጀምሮ እስክሪብቶው ሥራ ፈታ።

ሌላ ነገር ግን ነበር። ወደ ቴሌብር 150። ወደ ቴሌብር 200። ወደ ቴሌብር 100። እዚያው ቀን ደግሞ 100። ቴሌብር ከገባች በኋላ የት እንደሄደች ስቴትመንቱ አይናገርም። እኔ አውቃለሁ። ቤቲንግ ነው። ቅዳሜና እሑድ በእንግሊዝ ኳስ የምበላት ናት። «ሃምሳ፣ መቶ ብር ምን አላት?» እል ነበር። በስልኬ ደመርኳት። በሰባት ወር 6,350 ብር ወጣች። የሦስት ወር ቀለብ ሆና 350 ብር ትተርፋለች። ሻዬ ቀዘቀዘ።

እርግጥ ምክንያት ነበረኝ። መኪናው ሞተር አውርዶ ሁለት ወር ጋራዥ ቆሟል። ደረሰኙ በባለመኪናው ስም አለ። በእነዚያ ሁለት ወራት የምበላው ከእናቴ ቤት ነበር። ግን ሁለት ወር ነው። የቀሩት አምስቱ? ያኔ እልህ ነበር። «እሷ ናት የምትበላው» እያልኩ።

ስለዚህ «እሷ ናት የምትበላው» ስለምትባለው ነገር አንድ ነገር ልናገር። መጥሪያው ከመድረሱ በፊት፣ አንድ ጠዋት ሸዋ በር ላይ ሰው ስጭን የልጄ እናት ልጄን ይዛ ገባች። የኔ መኪና መሆኑን ያየች አልመሰለኝም፤ ሰልፍ ስለነበር የተገኘው ላይ ነው ሰው የሚገባው። ረዳቱ አዲስ ነው፣ አያውቃቸውም። «እቀፊያት፣ የአንድ ሰው ትከፍያለሽ» አላት። «አይ፣ አድጋለች። የሁለት እከፍላለሁ» አለችው። በስፖኪዮ አያለሁ። ከመሀረብ ጫፍ ፈትታ ቆጠረች። ልጄ የመኪናውን ጣሪያ፣ የተንጠለጠለውን ጌጥ ስታይ ቆይታ አንገቴን ለየችው መሰለኝ። «እማ፣ አባዬ ነው እኮ» ስትል ሰማኋት። እናቷ ዝም አሰኘቻት። ረዳቱ ብሩን ከሌላው ሒሳብ ጋር ደርቦ አመጣልኝ። ተቀበልኩት። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከተማውን ለቀን ስንወጣ ያቺን ልጅ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ነው የተጓዝኩት። ያን ቀን ግን ሒሳቧን ተቀብዬ ማርሽ አስገባሁ።

የሕጉን ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ሳገኘው ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ስለ ቤቲንጉ ምንም አላለም፤ ደግነቱ። ከክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ ከአዋጅ ቁጥር 79/1995 እያነበበ አስረዳኝ። ቀለብ ሲቆረጥ የሚታየው የተቀባዩ ፍላጎትና የሰጪው አቅም ነው። አንዱ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ የኔ ገቢ ሲወርድ፣ ፍርድ ቤት ሄዶ «ቀለቡ ይሻሻልልኝ» ብሎ ማመልከት ይቻላል። እሷም ኑሮ ሲወደድ «ይጨመርልኝ» ማለት ትችላለች። መኪናው በቆመ ጊዜ አንድ ማመልከቻ አስጽፌ ብገባ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እኔ ግን ስልኬን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ይሄ ነው የቆጨኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ መናኸሪያ ውስጥ ስለ ቀለብ ሲወራ፣ መጠኑ ሊሻሻል እንደሚችል አንድም ሰው ሲናገር አልሰማሁም።

«አሁን ብጠይቅስ?» አልኩት።

«ለወደፊቱ ጠይቅ። ያለፈው ዕዳ ነው» አለኝ። «ደግሞ እሷ ስለምትቀበለው የእሷ አይምሰልህ። ገንዘቡ የልጅቷ ነው።» እናቴም ይሄንኑ በሌላ ቋንቋ ትለኝ ነበር፤ «የልጅ ሐቅ እሳት ነው» እያለች። እናት ስትናገር አይሰማም፤ አዋጅ ሲጠቀስ ይሰማል።

ልታሰር እችል እንደሆነም ጠየቅሁት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የማይሰጥን ሰው በቅጣት ይጠይቃል፤ አቤቱታ ሲቀርብበት በእስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። እሷ እስካሁን በዚያ በኩል አልሄደችም። ብትሄድ ምን እላት ነበር?

እንግዲህ ለዚያ ለጻፈው ወንድሜ፦ ፍርድ ቤቱ ለኔ ገና ምንም አላለኝም። ችሎት እንኳ አልገባሁም። አንተም ከመግባትህ በፊት ስቴትመንትህን አውጣና ሻይ ቤት ቁጭ በል። ያኔ ዳኛው የማን ወገን እንደሆነ እንነጋገራለን። በደል የደረሰበት አባት የለም አልልም። ልጁን እንዳያይ የተከለከለ፣ የከፈለውን የተካደ አለ። የሚከፍል ሰው ግን በባንክ ይክፈል፣ ምክንያቱ ላይ «የእገሌ ወር ቀለብ» ብሎ ይጻፍ። በእጅ ከሰጠም ያስፈርም። በእጅ የሰጠኋት 500 ብር የት እንደገባች ዛሬ ከእህቴ ሌላ ምስክር የላትም።

ቀጠሮዬ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ያዘጋጀሁት ይሄ ነው። ስቴትመንቱ ከነቀይ መስመሩ። የጋራዡ ደረሰኝ፣ ለሁለቱ ወር ብቻ። የእቁቡን ዳኛ ለምኜ ዕጣዬን ከአንድ ሰው ጋር ተለዋውጬ 5,000 ብር ትናንት በእሷ ሒሳብ አስገብቻለሁ። የቀረችውን 9,000 በሦስት ወር፣ በየወሩ 3,000 ከመደበኛዋ 2,000 ጋር እከፍላለሁ ብዬ አመለክታለሁ። በወር 5,000 ማለት ነው። ትከብዳለች። የቤቲንጉን አፕ ከስልኬ አጥፍቻለሁ፤ ቅዳሜ ሲመጣ እጄን ምን እንደማደርገው አላውቅም። የባለመኪናውን ወረቀት መለስኩለት። ሳቀብኝ። «እንግዲህ ራስህን ቻል» አለኝ። ማክሰኞን ሌላ ሹፌር ይሠራልኛል።

ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ቀለብ እንዴት እንደሚሻሻል፣ ማመልከቻው ምን ምን እንደሚይዝ፣ የሕግ ሰው በቀላል አማርኛ እንዲጽፍ ግማሽ ገጽ ስጡት። መናኸሪያ ውስጥ እንደምናነበው አድርጎ፤ አንቀጽ ሳያበዛ። ጋዜጣዋ ሻይ ፈስሶባትም ቢሆን ትዞራለች።

ስሜን አታውጡ። ልጄ ዘንድሮ ማንበብ ለምዳለች፤ የሱቅ ታፔላ ሳይቀር ጮክ ብላ ነው የምታነበው።

የደሴ–ኮምቦልቻ መስመር ሹፌር
ከደሴ