ጉዳዩ፦ አክሪሊክ ተብሎ የተሸጠልንን ፒቪሲ ስለመመለስና ስለ ካሳ

ለፕላስቲክ ዕቃዎች አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት
ለሽያጭ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

እኛ ለአርክቴክቶችና ለሕንፃ ገንቢዎች የሕንፃ ሞዴል (አነስ ብሎ የሚሠራ አምሳያ) የምንሠራ አነስተኛ ድርጅት ነን። ባለፈው ወር ከመደብራችሁ ነጭ የአክሪሊክ ሉህ ገዝተናል። ደረሰኙ «አክሪሊክ፣ ነጭ፣ 2 ሚ.ሜ.» ይላል፤ የተረከብነው ግን ፒቪሲ የተባለ ሌላ የፕላስቲክ ዓይነት ነው።

ስልክ ስንደውል ያነጋገሩን ሠራተኛ «ሁለቱም ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ምን ለውጥ አለው?» ብለው ስለመለሱልን ለውጡን በጽሑፍ ለማስረዳት ተገደናል።

አክሪሊክ በሌዘር ሲቆረጥ ጠርዙ ለስላሳና አንጸባራቂ ሆኖ ይወጣል። የእናንተው ሉህ ጨረሩ ገና እንዳረፈበት ጠርዙ ከሰለ፤ አፍንጫና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጭስም ክፍሉን ሞላው። ማሽኑን አጥፍተን፣ መስኮቱን ከፍተን ወጣን። ኋላ የመዳብ ሽቦ በእሳት አግለን ከቁራጩ ጋር አነካካነውና ወደ ነበልባሉ መለስነው፤ እሳቱ አረንጓዴ ሆነ። ይህ በፕላስቲክ ውስጥ ክሎሪን መኖሩን የሚያሳይ የቆየ መፈተሻ ነው። አክሪሊክ ክሎሪን የለውም፤ ፒቪሲ አለው። ሽቦና ክብሪት ላለው ሰው የደቂቃ ሥራ ስለሆነ መጋዘናችሁ ውስጥም ሞክሩት።

ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ የሰው መተንፈሻ ይጎዳል፣ የማሽኑን ብረት ያዝጋል፣ ሌንስና መስታወቱንም ያበላሻል። የሌዘር ማሽን አምራቾች ፒቪሲ እንዳይቆረጥ በመመሪያቸው የሚያስጠነቅቁት በዚህ ምክንያት ነው። የሌዘሩ ራስ በሚንሸራተትበት የማሽናችን ሐዲድ ላይም ዝገት ብቅ ብሏል። ፒቪሲን ንቀን አይደለም፤ በቢላ የሚቆረጥ እስከሆነ ድረስ ጥሩ ዕቃ ነው፣ እኛም አውቀን እንገዛዋለን። በራሱ ስምና በራሱ ዋጋ ይሸጥ ነው የምንለው።

«እንግዲያው በቢላ ተጠቀሙበት» እንዳትሉን ደግሞ ውፍረቱም የተባለው አይደለም። በካሊፐር ስንለካው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። በ1፡100 ልኬት 2 ሚሊ ሜትር ማለት የ20 ሳንቲ ሜትር ወለል ነው። አሥር ወለል ሲደራረብ 4 ሚሊ ሜትር ይጎድላል፤ በእውነተኛው ሕንፃ ሲታሰብ 40 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ደረጃው ከወለሉ፣ መስኮቱ ከግድግዳው ጋር አይገጥምም። አርክቴክቱ ይህን ሳያይ ያልፋል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ከኪሳራችን ይበልጥ ያሳሰበን የተማሪዎቹ ነገር ነው። ከመደብራችሁ ከሚገዙት ብዙዎቹ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ናቸው። ሉሁን ይዘው የሚሄዱት ወደ ጠባብ የሌዘር መቁረጫ ሱቅ ነው፤ ከማሽኑ አጠገብ ቆመው ጭሱን የሚስቡትም እነሱና የሱቁ ሠራተኛ ናቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «ነጭ ፕላስቲክ» የሚለው መልስ ይህን አያሟላም።

ስለዚህ ሉሆቹን ተረክባችሁ ሙሉ ዋጋውን እንድትመልሱ፣ የማሽኑን ማጽጃና የሌንስ መቀየሪያ ወጪ እንድትሸፍኑ እንጠይቃለን። ከዚሁ ጭነት የቀረው ሉህም ዓይነቱ ተረጋግጦ ትክክለኛው ስም እስኪለጠፍበት ድረስ ከሽያጭ ይነሣ፤ ቀደም ብለው ለገዙ ደንበኞችም ተደውሎ በሌዘር እንዳይቆርጡት ይነገራቸው። ስለ ገንዘቡ ቁጭ ብለን ልንነጋገር እንችላለን፤ ደንበኞችን ማስጠንቀቁ ግን ዛሬውኑ መሠራት ያለበት ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ መጪው ዓርብ እንጠብቃለን። ካልደረሰን አቤቱታችንን ለከተማው ንግድ ቢሮ እናቀርባለን። የደረሰኙን ቅጂ፣ የከሰለውን ቁራጭና የሐዲዱን ፎቶግራፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር
የሞዴል ሥራ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ