ከስክሪኑ በፊት መግለጫው ይታሰብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ቋሚ ዐውደ ርእይ መዘመን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና ያነበብኩት ቢሆንም፣ ዘመናዊነትን በንክኪ ስክሪኖች ብዛት መለካቱ ቅር አሰኝቶኛል። የሸክላ ስባሪ ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከምን ከምን ጋር አብሮ እንደ ወጣ ካልተነገረለት፣ የቱንም ያህል መብራት ቢበራበት ስባሪ ከመሆን አያልፍም፤ «ማሰሮ፣ ጥንታዊ» ከምትል ቢጫ ካርድ በቀር ምንም ከሌለበት የመስታወት ሣጥን ፊት ብዙ ጊዜ ስለቆምኩ፣ ይህን የምለው በግምት አይደለም።

መብራቱም ቢሆን በዘፈቀደ የሚጨመር አይደለም። ለጨርቃ ጨርቅና ለብራና በተለምዶ የሚፈቀደው ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ሲሆን፣ ክሎራይድ (በጨው ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር) የገባበት ነሐስ ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው አረንጓዴ ዱቄት እያራገፈ ይሸረሸራል። ስለዚህ ለማዘመኑ የሚወጣው ገንዘብ አስቀድሞ ለሣጥኖቹ አየርና እርጥበት መቆጣጠሪያ ቢውል ይሻላል፤ ስክሪኑ በጥቂት ዓመታት ማርጀቱ አይቀርም።

የማድሪዱ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና የተከፈተው ከዓመታት እድሳት በኋላ ነው። እናንተ የጻፋችሁበት ሙዚየም ሥራም እንዲሁ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ፣ አዳራሾቹ በየተራ እየተዘጉ ቢታደሱና ለሕዝብ ክፍት የሚሆኑት አስቀድመው ቢገለጹ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ