ደም መላሹን ማን አየው?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የወንጀል ልብ ወለድ በተከታታይ ማውጣት መጀመራችሁን ወደድነው። ከታተሙትም፣ ገና በረቂቅ ከሚዞሩትም መካከል አንድ ዓይነት ታሪክ እየበዛ መጥቷል፦ ወንድሙ ወይም አባቱ የተገደለበት የገጠር ሰው፣ ሕግ ፊት ሲነሣው ጠመንጃ አንሥቶ ፍርዱን በገዛ እጁ የሚሰጥበት ታሪክ። ባለታሪኩ ሲያዩት ጀግና፣ ሲያስቡት ነፍሰ ገዳይ ነው፤ አንባቢ የሚወደውም የሚፈራውም ለዚህ ነው። መቼቱ የእኛ አገር፣ የወሎ ገጠር ሲሆን ግን አንድ ነገር ያንገበግበናል። ደራሲዎቻችን ገጠሩን ሰው አልባ ያደርጉታል። ባለታሪኩ ማታ ከደሴ ተነሥቶ በሃረጎ ተራራ ይወርዳል፣ ኮምቦልቻን አልፎ ባላንጣውን ይገድላል፣ ጎሕ ሳይቀድ ተመልሶ መደቡ ላይ ተኝቶ ይገኛል። ውሻ አልጮኸበትም። «ማነህ?» ያለው የለም። እንዲህ ያለ ገጠር ወሎ ውስጥ አናውቅም። የገጠር የበቀል ታሪክ የሚያስፈራው ሁሉም ሰው ማወቁ ነው፤ ዐውቆም ዝም ማለቱ።

ከመንገዱ እንጀምር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች። በአስፋልቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እግሩ የጠና ሰው ቁልቁለቱን በአምስት ሰዓት ቢወርደው፣ ዳገቱን ሲመለስ ስድስትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ሌሊቱ በመንገድ አለቀ ማለት ነው፤ ለመግደል የተረፈ ሰዓት የለም። ስለዚህ ባለታሪኩ የሆነ ቦታ መዋል አለበት። የዋለበት ቤት ደግሞ ቡና ያፈላችለት ሴት፣ እንጀራ ያቀረበችለት ልጅ፣ የተሸፈነውን ረጅም ነገር አይቶ እንዳላየ ያለፈ አባወራ ይኖሩታል። ደራሲው «በአንድ ሌሊት» ብሎ ሲዘለው የጣለው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነው።

ወቅቱም እንደዚሁ። በሐምሌና በነሐሴ ሃረጎ ላይ ጉሙ ሰውን ከሰው ይለያል፤ ለመደበቅ ይመቻል፣ ታች ግን ቦርከና ሞልቶ መሻገሪያ ይነሣል። በመስከረምና በጥቅምት በሐርቡና በአካባቢው ቆላ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ደራሲዎች ባለታሪካቸውን እዚያ ውስጥ ማድፈጥ ይወዳሉ። ትክክል ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ ይረሳሉ። ማሽላው እሸት መያዝ ሲጀምር ወፍ ይወርድበታል፣ ስለዚህ በየማሳው ማማ ይሠራል፣ ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይቀመጣል። ያ ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራው ማየት ነው። የማሽላው ራስ ነፋስ ሳይኖር ሲወዛወዝ ከብት ገባ ብሎ ይጮኻል፣ ድንጋይም ይወረውራል። ባለታሪኩ ማሳው ውስጥ ተንበርክኮ ሳለ ከወንጭፍ የወጣ ድንጋይ አጠገቡ ሲወድቅ ከማንኛውም የፖሊስ ፉጨት ይልቅ አንባቢን ያስደነግጣል። አጨዳው ካለፈ በኋላ የሚቀረው የተቆረጠ አገዳ ነው፤ ጥንቸልም አይሸሽግ። ያኔ ሌሊት አውድማ ላይ እህል የሚጠብቁ ሰዎች ያድራሉና «በታኅሣሥ ጨለማ ማንም ሳያየው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲመጣ እኛ እርሳሳችንን እናነሣለን።

ጠመንጃው ላይ ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። ከአያት የወረደ ምንሽር ወይም ቤልጅግ ከሆነ አምስት ጎራሽ ነው። አምስት ጥይት ተኩሶ ሳይሞላ ስድስተኛውን የሚተኩስ ባለታሪክ በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ረቂቅ ላይ አግኝተናል። በእያንዳንዱ ተኩስ መካከል መቀርቀሪያውን አንሥቶ ወደ ኋላ መሳብ፣ ቀለሁን ማስተፋት፣ ገፍቶ አዲሱን ማጉረስ አለበት። ይህ ለልብ ወለድ ሀብት ነው፤ ምክንያቱም አንዴ ብቻ ተኩሶ መቀርቀሪያውን ካልነካ ቀለሁ እዚያው መጉረሻው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ መሬት ላይ የሚለቀም ነገር የለም። እጁ ከልማድ ሳበው ማለት ግን ቀለሁ ሣር ውስጥ ወደቀ ማለት ነው፤ ቀለሁ ላይ መርፌው የመታበት ምልክት አለ። ክላሽ ከሆነ ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል፣ ቀለሁን ግን በቀኝ በኩል ሜትሮች ርቆ ይወረውረዋል፤ በጨለማ ለቅሞ መሄድ የማይታሰብ ነው።

ጥይቱም ያረጃል። በእርጥብ ግድግዳ ስንጥቅ ወይም በጉድጓድ ዓመታት ያሳለፈ ጥይት ይከሽፋል። ቃታው ሲሳብ ቀጭ ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። አንዳንዴ ደግሞ ዘግይቶ ይፈነዳል፤ ተቻኩሎ መቀርቀሪያውን የከፈተ ሰው ፊቱን ያጣል። ባለታሪኩ አምስት ጥይት ብቻ ካለው፣ ከአምስቱ ሁለቱ እንደሚከሽፉ ከጠረጠረ፣ አንዱን ለመሞከር ከተኮሰ ደግሞ መንደሩ እንደሚሰማው ካወቀ፣ ደራሲው ያለ ምንም ፉከራ ውጥረቱን አግኝቷል። ጫማውንም አትርሱት። ከጎማ የተሠራ በረባሶ የጎማውን ጥርስ ጭቃ ላይ ያትማል፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ የማን በረባሶ ከየትኛው ጎማ እንደተቆረጠ የሚያውቅ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ሕግ ፊት ነሣው» ማለት ብቻ አይበቃም። የትኛው በር፣ በምን ምክንያት ተዘጋበት? ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ጉቦ የበላ መርማሪ ነው። እውነተኛው መንገድ ከዚያ ይልቅ ያማል። ሰው ተገደለ፤ ኡኡታ ተሰማ፤ የሰማ ሁሉ ወጣ። ኡኡታ ሰምቶ አለመውጣት ነውር ስለሆነ ፖሊስ ሲደርስ የወንጀሉ ቦታ በመቶ እግር ተረግጧል። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ሬሳው ውሎ እንዳያድር ቤተሰቡ ይቸኩላል፤ ክርስቲያንም ቢሆን ቀብሩ ብዙ አይቆይም። ሐኪም ሳያየው ከተቀበረ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማውጣት ይመጣል፤ የገዛ ወንድሙ መቃብር ሲቆፈር ቆሞ የሚያይ ባለታሪክ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ነው። ምስክሮቹም ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ ከገዳዩ ዘመዶች ጋር አንድ ምንጭ ውሃ ይቀዳሉ፣ አንድ ቅሬ (እድር) ይገባሉ። በቀጠሮው ቀን ቢቀሩ ጉቦ የከፈላቸው የለም፤ ዝናብ ጥሎ መዝራት ስላለባቸው ወይም ስለፈሩ ነው።

ከዚያ ዓቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 44 የሟች ወገን ክስ እንዲመሠረት ይታዘዝልኝ ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ውሳኔው ከደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ታሪኩን በ1980ዎቹ ወይም በ1990ዎቹ ላስቀመጠ ደራሲ ይህች 30 ቀን ወርቅ ናት። ደብዳቤው ደርሶ፣ ማንበብ የሚችለው የጎረቤት ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ወረቀቱ ከቁርኣኑ ወይም ከዳዊቱ ሥር ተቀምጦ፣ በ34ኛው ቀን ሲነበብ አስቡት። ማንም ክፉ ሰው ሳይኖር በሩ ተዘጋ። ጠመንጃው ከጣራው ሥር የወረደው በዚያ ማታ ከሆነ አንባቢ ባለታሪኩን ይከተለዋል።

ሁለተኛው በር የአገሩ የራሱ ነው፤ ደራሲዎቻችን ጨርሶ የሚዘሉት። አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ገዳዩ ወይም ሌባው ሲሰወር መንደሩ ሁሉ ተጠርቶ ዛፍ ሥር የሚቀመጥበት ሸንጎ ነው። የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ ያልተናገረም አላየሁም ብሎ ይምላል። ጥንት ለቀናት ይዘልቅ ነበር፤ ከብቱ ሳይሰማራ፣ እርሻው ሳይታረስ ሰው ተቀምጦ ይውላል፣ ድካሙ ራሱ ያናግራል። የሚናገረው ሰው ታዲያ «እገሌ ነው፣ ዓይኔ አይቷል» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። የጠቋሚው ስም እንዳይወጣ፣ ደም እንዳይገባበት ነው። ማማ ላይ የተቀመጠውን ልጅ እዚህ መልሱት። ወፍ ሲጠብቅ የኖረው ልጅ ወፍ ሆኖ ይመጣል፤ በአባቱ ጆሮ ሹክ ያለው ነገር በሽማግሌ አፍ ዛፉ ሥር ይነገራል። ደም መላሹም እዚያው ሣር ላይ ከጎረቤቶቹ መካከል ተቀምጧል፣ ተራው ሲደርስ እጁን ቁርኣኑ ላይ ጭኖ ወይም በታቦት ስም አላየሁም ብሎ ይምላል። ከግድያው ይልቅ መሐላው ይከብደዋል፤ እንደሚዋሽ የሚያውቁ አርባ ሰዎች ዓይናቸውን ከመሬት አያነሡም። አንድ ደራሲ ሦስት ገጽ ተኩስ ሰርዞ ሦስት ገጽ አውጫጭኝ ቢጽፍ ተከታታዩን በየሳምንቱ ተሰልፈን እንገዛለን።

ደሙ ራሱም ሒሳብ አለው። በቀል ሁልጊዜ ገዳዩን አይፈልግም፤ ገዳዩ አገር ለቆ ከጠፋ ከዘመዶቹ ደህናው፣ የተከበረው ይፈለጋል። ስለዚህ የባለታሪካችሁ ጥይት የሚያርፈው ነገሩን ፈጽሞ ባልተካፈለ ሰው ላይ ሊሆን ይችላል፤ ጀግንነቱ የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ዘመድ በሃይማኖት አይለይም፤ የአንድ አያት ልጆች ይመርና ገብረ ማርያም ይባላሉ። ደም ሲቆጠር መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም አቋርጦ ነው። ገፋፊዎቹም ወንዶች ብቻ አይደሉም። ለቅሶ ላይ አልቃሽ እንዲህ ብትል የማን ጆሮ ይችለዋል፦

ወንድም አለሽ ብለው ይነግሩኝ ነበረ፣
ጠብመንጃው ተሰቅሎ ግድግዳ ላይ ቀረ።

ስድብ የለበትም፣ ስም አልጠራችም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ወደ ማን እንደሚያይ ያውቃል።

ሽማግሌም ይገባል፤ ካልገባ ታሪኩ የወሎ አይደለም። ሼሁና መምሬው አብረው ይመጣሉ፣ አበጋር የሚባለው አስታራቂ ባለበት አገር አበጋሩ ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል። የገዳይ ወገን አንገቱን ደፍቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ የደም ካሳ ይነገራል፣ በግ ይታረዳል፣ ደም ደረቀ ተብሎ መሐላ ይፈጸማል። የሟች ወገን በመጀመሪያው ልመና እሺ አይልም፤ ቶሎ እሺ ማለት ሟቹን ማርከስ ነው። ባለታሪኩ ጥይቱን ከመተኮሱ በፊት ይህ ዕርቅ በእጁ መድረስ አለበት። «አብሽር፣ ልጄ፣ ለአላህ ስጠው» የሚሉት ሽማግሌ አባቱን ያውቁት የነበሩ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ይሁኑ። እምቢ ብሎ ሲወጣ ፀባችን ከእሱ ጋር ይጀምራል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ከጎኑ ነበርን።

ስለ መጨረሻው ፍርድ ጥቂት ቃል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 541 በድንገተኛ ቁጣና በከባድ ስሜት የተፈጸመን ግድያ ቀለል አድርጎ ያየዋል፤ ተራው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ አስቦና ተዘጋጅቶ የተፈጸመው በአንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ደራሲው ሦስት ወር ጠመንጃ ሲያስወለውለው፣ መንገድ ሲያስጠናው፣ ጥይት ሲያስቆጥረው የከረመውን ሰው ችሎት ላይ «በንዴት ነው» አሰኝቶ በአምስት ዓመት ማስፈታት አይችልም። ንባቡን ያሞቁት እነዚያ ገጾች ሁሉ የዓቃቤ ሕግ ማስረጃ ናቸው። ዕርቅም ክሱን አያስቀርም፤ ቅጣት ሊያቀል ይችላል እንጂ። ታሪኩ ከ1997 በፊት ከሆነ በ1949ኙ ሕግ ይዳኛል፣ የአንቀጾቹም ቁጥር ሌላ ነው፤ ዘመኑን ሳይወስኑ የችሎት ምዕራፍ መጀመር አይገባም።

የሚቀጥለው ረቂቅ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ጥይቶቹን ቁጠሩ። ቀጥሎ ወሩን እዩና ማሽላው ቆሞ እንደሆነ ጠይቁ። ከቆመ፣ ልጁ የትኛው ማማ ላይ እንደተቀመጠ ደራሲው ይንገራችሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
ረቂቅ የምናርም ሁለት አንባቢዎች፣ ደሴ