ላቲን ከሮም መንግሥት ጋር አልሞተም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ አውሮፓ ቋንቋዎች በወጣው ጽሑፍ፣ ላቲን በ476 ዓ.ም. (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ከምዕራቡ የሮም መንግሥት ጋር አብሮ እንደሞተ መገለጹ እርማት የሚያሻው ይመስለኛል።

የሕዝቡ አነጋገር ከመጻሕፍቱ ቋንቋ መራቅ የጀመረው መንግሥቱ ገና በኃይሉ ሳለ ነው። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔ ከተማ ግድግዳዎች ላይ የተጫሩት ጽሑፎች በቃላት መጨረሻ የሚገኘውን የ«ም» ድምፅ ደጋግመው ይገድፋሉ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በላቲን ባለቤትና ተሳቢ የሚለዩት በአብዛኛው በቃሉ መድረሻ ስለነበር፣ መድረሻዎቹ እየደበዘዙ ሲሄዱ ተናጋሪው በመስተዋድድና በቃላት ቅደም ተከተል ላይ ይበልጥ መደገፍ ግድ ሆነበት። ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛና እስፓኝኛ የበቀሉት ከዚህ የሕዝብ አነጋገር ነው።

ልዩነቱን ቤተ ክርስቲያንም ሳትወድ አምናለች፤ በ813 ዓ.ም. በዛሬዋ ፈረንሳይ በምትገኘው በቱር ከተማ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ስብከቱ ምእመኑ በሚረዳው የገጠር ሮማይስጥ (ማለትም ከላቲን በወጣው የሕዝብ አነጋገር) ወይም በጀርመንኛ እንዲቀርብ ወስነዋል።

የጽሕፈቱ ላቲን ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት የሕግና የምርምር ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል። ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ በ1698 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው እንኳ የተጻፈው በላቲን ሲሆን፣ በሃንጋሪ የመንግሥት ሥራ ቋንቋነቱ በሃንጋሪኛ የተተካው በ1844 ዓ.ም. ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢ