ከአደይ አበባ በኋላስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሠርግና የምርቃት ፎቶ እያነሳሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን ስገልጥ ከጽሑፉ በፊት ፎቶውን አያለሁ፤ የሥራ ልማድ ነው። ቅሬታዬም እዚያው ላይ ነው።

በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ታወጣላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። መስቀል ካለፈ ግን አበባ የሚባል ነገር ከገጻችሁ ይጠፋል። አንዴ ብቅ ሲል ደግሞ «የዱር አበቦቻችን» ተብሎ ጃካራንዳ ወጣ! ጃካራንዳ ማማሩን ማን ይክዳል? ግን ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ መንገድ ዳር የተተከለ ዛፍ ነው።

የእኛዎቹ ዛፎች የሚደምቁት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ከጥቅምት ወዲህ ከጣርማበር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ውረዱና እዩ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ማለቴ ነው፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ። ኮርች ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባ ብቻ ይሆናል። ይህ ዛፍ ደግሞ በተፈጥሮው የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።

የእኔ ነገር ግን ኮሶ ነው። ስሙ ሲጠራ ፊቱን የማያጨማድድ የለም። ያን መራራ መጠጥ እያሰብን አበባውን ሳናየው ቀረን። ዘለላው እንደ ሹሩባ ቁልቁል ይወርዳል፤ ትልቁ ክንድ ያህላል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት አንዱ ዘለላ እልፍ ጥቃቅን አበባ ነው። ወንዱና ሴቴው የየራሳቸው ዛፍ አላቸው፤ የሴቴው ቀላ ይላል፣ የወንዱ ወደ ነጭና ብርቱካናማ ያደላል።

ከሥሩ ቆሞ ወደ ላይ ማንሳት ዋጋ የለውም። ሰማዩ ይነጣል፣ አበባው ጥላሸት ይመስላል። ከዛፉ በላይ ቁልቁለቱ ላይ ስትቆሙ ግን ዘለላው ከዓይናችሁ እኩል ይመጣል፤ ከጀርባው ሸለቆው ጠቁሮ ያደምቀዋል። ጠዋት ጉሙ ቶሎ አይለቅም። ሙልጭ ብሎ እስኪሄድ ግን አትጠብቁ፤ ሲሳሳ ነው ቅላቱ በደንብ የሚወጣው።

አንድ ጊዜ ይህን ሳላውቅ ከወንዱ ዛፍ ሥር አንጋጥጬ ሳነሳ ያዩኝ ከብት ጠባቂ አባት «ልጄ፣ ኮሶ አለብህ እንዴ?» አሉኝ። የለብኝም ብላቸውም አላመኑኝም። «መድኃኒቱ የሴቴው ነው፤ ያንን ተው» ብለው ወደ ቀዩ ዛፍ ወሰዱኝ። ለፎቶውም ልክ ነበሩ።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በፈረንጆቹ 1790 ባሳተመው የጉዞ ታሪኩ ውስጥ ኮሶን በሥዕል አውጥቶታል። የእናንተ ገጽ ላይ ግን እስካሁን አላየሁትም።

ዘንድሮ በኅዳር ሩብ ገጽ ብትለቁለት ምን ይጎድላል? ባለሙያ መላክ ካልተመቻችሁ ፎቶው እኔ ዘንድ አለ፤ ገንዘብ አልጠይቅም። ከሥሩ የዛፉን ስም በትክክል ጻፉልኝ እንጂ፣ የእኔን ስም ብትተዉትም ግድ የለኝም።

አክባሪያችሁ
ከደብረ ብርሃን