ጠርሙሱ የት ደረሰ? ለመድኃኒትና መዋቢያ ቁጥጥር ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ለእርስዎ የምጽፈው አራተኛው ደብዳቤ ነው። ጉዳዩ ከፀሐይ ይከላከላል ተብሎ እየተሸጠ የእህቴን ልጅ ቆዳ ስላቃጠለው ዘይት፣ ለምርመራ ለቢሮዎ አስረክቤውም ስለጠፋው ጠርሙስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በመዝገብ ቤት በኩል ገብተዋል፤ ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎች ከነገቢ ቁጥራቸው እጄ ላይ አሉ። መልስ ያገኘሁበት አንድም የለም። «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚለውን ከጸሐፊዎ፣ ከምክትልዎ፣ በመጨረሻም ኮሪደር ላይ ከራስዎ ሰምቻለሁ። በማን እየታየ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ስለዚህ ይህኛውን የደሴም የኮምቦልቻም ሰው እንዲያነበው በግልጽ ጽፌዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አልቢኒዝም ያለባት ልጅ ናት፤ እኔንና እርስዎን ከፀሐይ የሚከልለን ሜላኒን የሚባለው የቆዳ ቀለም በቆዳዋ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌ እና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለእሷ እንደ እንጀራ ናቸው። ከውጭ የሚገባው ክሬም ዋጋው አይቀመስም፤ አንዳንዴም ፈልገው አያገኙትም። ባለፈው ሚያዝያ እኔ ለሥራ ከከተማ በወጣሁበት ሳምንት ክሬሟ አለቀባት። እናቷ ገበያ ወጥታ አንድ ጠርሙስ ዘይት ገዛችላት። መለያው ላይ «ከዕፅዋት ብቻ የተቀመመ፣ ምንም ኬሚካል የሌለው፣ ኤስ.ፒ.ኤፍ. 60» ይላል። ኤስ.ፒ.ኤፍ. የተቀባው ነገር ቆዳን ከፀሐይ ቃጠሎ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ቁጥር ነው። እህቴ አመነችው። ለምን አታምነውም? ታሽጎ፣ ቁጥር ተጽፎበት በአደባባይ የሚሸጥ ዕቃ አንድ ኃላፊነት ያለበት ሰው አይቶት ያለፈ ነው የሚመስላት።

በማግስቱ የትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ነበር። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ደሴ እንዲህ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ስለሚሞቀን ኃይለኛው ፀሐይ የኮምቦልቻው ይመስለናል። ሙቀቱና ቆዳን የሚያቃጥለው፣ በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ግን ለየቅል ናቸው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ ደሴ ደግሞ የተቀመጠችው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ቀትር ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ልጅቷ በእንዲህ ያለ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ሜዳ ላይ ነበረች። እናቷ ኮፍያ አድርጋላት፣ ዘይቱንም አንገቷንና ክንዶቿን አብዝታ ቀብታት ነበር።

ማታውኑ ቀላች። እኔ በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ያየሁት ግን ከተለመደው የፀሐይ ቃጠሎ የተለየ ነው። ከጆሮዋ ሥር እስከ አንገትጌዋ፣ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ፣ ዘይቱ በወረደበት መስመር ልክ ቆዳዋ ውሃ ቋጥሯል። አንድ ሰው ጣቱን ነክሮ ያሰመረባት ነው የሚመስለው። ኮፍያው ባጠላበት ግንባሯ ላይ ምንም የለም። «አክስቴ፣ እኔ እኮ በደንብ ተቀብቼ ነበር» አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ መስሏት ነበር የምታስረዳኝ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ጠርሙሱን ስከፍተው የሸተተኝ የቡና ሰዓት ሽታ ነው፤ ጤና አዳም። መለያውም አይደብቀውም፦ ጤና አዳም፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እሬት። ጤና አዳምም ሆነ የሎሚ ልጣጭ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። እነዚህ ቆዳ ላይ ሆነው የፀሐይ ጨረር፣ በተለይ አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው ክፍሉ ሲያገኛቸው የቆዳን ሴል ያቃጥላሉ። ቃጠሎው የሚብሰውም ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ልክ እንዳየሁት። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ሜቶክሳለን የሚባል መድኃኒት የቆዳ ሐኪሞች ለለምጽ ሕክምና ይጠቀሙበታል፤ ያውም ጨረሩን በመሣሪያ እየለኩ፣ በሽተኛውንም ከሕክምናው በኋላ ከፀሐይ እየከለሉ። ሐኪም እየለካ የሚሰጠውን ዓይነት ነገር ነው ልጅቷ ተቀብታ ቀትር ላይ የቆመችው። ያያት የቆዳ ሐኪምም የነገረን ይህንኑ ነው። እናቴ ስትሰማ «ጤና አዳም እኮ ለቡና ነው፤ ማን ነው ቆዳዋ ላይ ያደረሰው?» ነው ያለችው።

ያን ዕለት ቢሮዎ መጥቼ ይህን ሁሉ ስነግርዎት የመለሱልኝን ያስታውሳሉ? «ከዕፅዋት የተሠራ ነው እኮ፤ ተፈጥሯዊ ነገር ምን ይጎዳል?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ የሳማ ቅጠልም ተፈጥሯዊ ነው። ከተራ ሰው ብሰማው አስረድቼ አልፈው ነበር። እርስዎ ግን የተቀመጡበት ወንበር ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት እንዲጠይቅ የተዘጋጀ ወንበር ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ምርቶችን በቁጥጥር ሥር እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ከቅጠል የተሠራውን አይመለከትም የሚል አንቀጽ ካለው ያሳዩኝ።

ሻጩን ራሴ ሄጄ አነጋግሬዋለሁ። «ላቦራቶሪ ገብቷል» ብሎ አንድ ገጽ ወረቀት አወጣልኝ። አነበብኩት። ወረቀቱ የቅጠል ጭማቂ በአልኮል በጥብጠው፣ ስፔክትሮፎቶሜትር በሚባል የብርሃን መለኪያ መሣሪያ፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 320 ናኖሜትር ባለው ጨረር ላይ በየ5 ናኖሜትሩ ምን ያህል ጨረር እንደሚውጥ የለኩበት ነው። ሰባት ንባብ፣ አንድ ቀመር፣ አንድ ውጤት። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ፣ ተመራማሪም የትኛው ቅጠል ተስፋ እንዳለው ለመለየት ይጠቀምበታል። እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን የተለካው በመስታወት ዕቃ ውስጥ ያለ የቅጠል ጭማቂ እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዘይት አይደለም። ዘይቱ ቆዳ ላይ እኩል ተነጥፎ ይቆይ አይቆይ፣ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ሲውል ይፍረስ አይፍረስ፣ ላብ ይጠበው አይጠበው አይነግረንም። ከ320 በላይ ስላለው አልትራቫዮሌት ኤ ደግሞ አንዲት ቃል የለበትም፤ ልጅቷን ያቃጠላትም በዚያ በኩል የመጣው ነው።

ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው ኤስ.ፒ.ኤፍ. በሰው ቆዳ ላይ ተለክቶ የሚገኝ ቁጥር ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊግራም ተቀብቶ፣ ቆዳው እስኪቀላ የሚፈጀው የጨረር መጠን ካልተቀባው ጋር ይነጻጸራል። 30 የተባለው ቆዳን ከሚያቀላው ጨረር 97 በመቶውን፣ 50 የተባለው 98 በመቶውን ያህል ይከለክላል። 60 ብሎ መጻፍ ለአንዲት እናት የሚሰጥ ቃል ኪዳን ነው። የኮኮናት እና የወይራ ዘይት እንኳ በዚያው በስፔክትሮፎቶሜትር ዘዴ ሲለኩ ከ10 በታች ነው የተገኘባቸው። 60 ከየት መጣ? ብዬ ጠየቅኩት። «ደንበኛ 60 ነው የሚፈልገው» አለኝ። ይህንን በሁለተኛው ደብዳቤዬ ቃል በቃል ጽፌልዎታለሁ።

የዕፅዋት ጠላት እንዳልመስልዎት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ካየ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ሲፈትነውና ሲያስፈትነው እንደኖረ የፋርማሲ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለው ፖሊፊኖልም ሆነ ሌሎች ፍላቮኖይድ የሚባሉ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ጨረር ይውጣሉ፤ በደንብ ከተቀመሙ ክሬምን ሊያግዙ ይችላሉ። ከቅጠሉ እስከ ክሬሙ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ ሥራውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ራሴ ለልጅቷ ብዬ ሁለት ዓመት ማታ ማታ ሞክሬዋለሁ። ጨረር የሚከለክለውን ነጭ ዱቄት፣ ዚንክ ኦክሳይዱን፣ በሙቀጫ ከዘይት ጋር አልሜ፣ ሰሙን አቅልጬ፣ ውሃውን ጠብ እያደረግኩ። ለዓይን ድንቅ ነጭ ክሬም ይወጣል። መስታወት ላይ ስስ አድርጌ ቀብቼ ወደ መስኮቱ ሳነሣው ግን ዱቄቱ ጓጉሎ፣ በጉብታዎቹ መካከል ብርሃኑ በነጥብ በነጥብ ያልፋል። እያንዳንዷ ነጥብ በልጅ ፊት ላይ የሚቃጠል ቦታ ናት። ሠላሳ ጊዜ ያህል ደግሜ አሁን ነጥቡ ጠፍቷል። ሆኖም አንድም ማሰሮ አልሸጥኩም፤ ለእሷም ከኮፍያውና ከእጅጌው በተጨማሪ እንጂ በእነሱ ፈንታ አልሰጠኋትም፤ ቁጥሩን ሳላስለካ ቁጥር መጻፍ አልችልምና። የት እንደሚለካና ፈቃዱ እንዴት እንደሚጠየቅ እንዲነግሩኝ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጠይቄ ነበር። ታንዛኒያ ሞሺ ላይ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ተብሎ የተቀመመ፣ ኪሊሰን የሚባል ክሬም እዚያው ይመረታል። ስለዚህ በእኛ አገር አይቻልም የሚለኝ ካለ አልቀበለውም።

ሳላስለካ አልሸጥም ያልኩት እኔ ሁለት ዓመት ደጅ ስጠና፣ ሳያስለካ 60 ብሎ የጻፈው ሰው እስከ ትናንት ድረስ እየሸጠ ነው። ትናንት ማታ አልፌ አይቻለሁ፤ ያው መለያ፣ ያው ቁጥር። አሁን ደግሞ ትንንሽ ጠርሙስ «ለሕፃናት» ብሎ ጨምሯል።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። ሰኔ 5 ቀን «ናሙና አምጪ» ስላሉኝ ከልጅቷ የተረፈውን ጠርሙስ፣ ግማሽ ያህል ዘይት እንዳለበት፣ ለቢሮዎ አስረክቤያለሁ። የተቀበለኝ ባለሙያ «ደረሰኝ በኋላ ትወስጃለሽ» አለኝ። ደረሰኙም አልተሰጠኝ፣ ጠርሙሱም አልተመረመረ። ሦስተኛ ጊዜ ስመጣ መደርደሪያው ላይ አልነበረም፤ የት እንደገባ የሚያውቅም አልተገኘም። በልጅቷ ቆዳ ላይ የፈሰሰውን ዘይት የያዘው እሱ ብቻ ነበር።

እየተሸጠ ያለው ዘይት እስኪመረመር ድረስ ከገበያ ይነሣ፤ «ለሕፃናት» የሚለው ደግሞ ዛሬውኑ። የአስረከብኩት ጠርሙስ ማን እጅ እንዳለ፣ ጠፍቶም ከሆነ መጥፋቱን፣ በፊርማዎና በማኅተምዎ በጽሑፍ ይግለጹልኝ። አድራሻዬ በሦስቱም ደብዳቤዎች ላይ አለ።

አንዲት ፋርማሲስት
ደሴ