ፒያኖን በዶ ሬ ሚ ለምታስተምሩ፦ ምቱንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ልጆቻችንን ፒያኖና ኪቦርድ እንዲማሩ የምንልክ ወላጆች፣ ዜማን በመስመር ፋንታ በድምፅ ስም ወይም በቁጥር የሚጽፈው፣ «ቀላል ኖታ» የሚባለው አጻጻፍ ለልጁ ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚያስቀርበት በምዝገባ ቀን የሚነግረን ሰው ስለማናገኝ፣ በራሴ ቤት ያየሁትን ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል ተገቢ መስሎኛል።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው አንድ ማሠልጠኛ ስምንት ወር ተምራለች። በኪቦርዱ ነጭ ቁልፎች ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ የሚሉ ወረቀቶች ተለጥፈውላት፣ የምትጫወተውም ደብተሯ ላይ በእርሳስ የተጻፉትን የድምፅ ስሞች እያየች ነበር። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የቤትሆቨንን የዘጠነኛ ሲምፎኒ የደስታ ዜማ «ሚ ሚ ፋ ሶል፣ ሶል ፋ ሚ ሬ፣ ዶ ዶ ሬ ሚ፣ ሚ ሬ ሬ» ብላ ስትጫወትልን አያቷ እልል አሉ፤ እኔም የከፈልሁት ገንዘብ አልቆጨኝም። ነገሩ የገባኝ ሰምታው የማታውቀውን ዜማ በዚያው አጻጻፍ ጽፌ የሰጠኋት ዕለት ነው። ቁልፎቹን አንድም ሳትስት ነካቻቸው፤ የወጣው ግን ዜማ አልነበረም። እስቲ ከላይ የጻፍሁትን የመጨረሻዎቹን ሦስት ድምፆች እንመልከት። ሚ ረዘም ይላል፤ የመጀመሪያው ሬ ፈጥኖ ያልፋል፤ ሁለተኛው ሬ ሁለት ምት ሙሉ ይቆያል። ደብተሩ ላይ ሦስቱም እኩል ናቸው። ልጄ ያን ጊዜ በትክክል የተጫወተችው ከስልኬ ላይ ደጋግማ ስለሰማችው እንጂ ስላነበበችው አልነበረም።

ይህን ስል ድምፆች በአምስት መስመሮች ላይና በመካከላቸው በምልክት የሚጻፉበትን ባለ አምስት መስመሩን ኖታ ብቻ የሙያ ምልክት አድርገው፣ ሌላውን ሁሉ የሰነፍ መንገድ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ቻይናውያን ዶን 1፣ ሬን 2፣ ሚን 3 እያሉ በሚጽፉበት የቁጥር ኖታ እነዚያው ሦስት ድምፆች ሲጻፉ ከ3 ጎን ነጥብ ይደረጋል፣ ከመጀመሪያው 2 ሥር ሰረዝ ይሰመራል፣ ከሁለተኛው 2 ቀጥሎ ጭረት ይገባል፤ ነጥቡ ርዝመቱን በግማሽ ይጨምራል፣ ሰረዙ በግማሽ ይቀንሳል፣ ጭረቱ አንድ ምት ያስከትላል። ይህ ምትን ጭምር የሚጽፍ ሙሉ ኖታ ነው። ለእኛም ቅኝት ይመቻል፤ የትዝታን አምስት ድምፆች 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6 ብሎ የያዘ ሰው፣ ድምፃዊው ከፍ ወይም ዝቅ አድርግልኝ ሲለው ቁጥሮቹን ሳይለውጥ መነሻውን ቁልፍ ብቻ ይለውጣል። ለመዘምራንና አምሽተው ለሚማሩ አዋቂዎች ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

ሆኖም ፒያኖ ዐሥር ጣት የሚሠራበት መሣሪያ ነው። ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ በ1742 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ኖታን በቁጥር የመጻፍ ሐሳቡን ይዞ ፓሪስ በሚገኘው የሳይንስ አካዳሚ ፊት በቀረበ ጊዜ፣ ሙዚቀኛው ራሞ የተቃወመው ቁጥሩ እያንዳንዱን ድምፅ በሐሳብ ማስላት ስለሚጠይቅና ሐሳብ ደግሞ የጨዋታውን ፍጥነት ሁልጊዜ ስለማይከተል፣ የመስመሩ ኖታ ግን ዓይን ላይ በቀጥታ ስለሚሣል እንደሆነ ሩሶ ራሱ በግለ ታሪኩ ጽፎታል፤ ብቸኛው ጠንካራ ተቃውሞ ይህ እንደነበርም አምኗል። ግራ እጅ ሦስት ድምፅ በአንድ ላይ ሲይዝ፣ ቀኝ እጅ ዜማውን ሲሮጥበት፣ የተደራረቡ ቁጥሮችን እየፈቱ መከተል ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «የእኛም ሊቃውንት እኮ በአጭር ምልክት ነው ያዜሙት» አለኝ። እውነት ነው፤ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ርክርክ እያልን የምንቆጥራቸው የቅዱስ ያሬድ የዜማ ምልክቶች ከቃሉ በላይና በታች የሚያርፉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ነገር ግን የድጓ ተማሪ ምልክቱን ብቻ አይቶ አያዜምም፤ ምልክቱ የሚያስታውሰው ከመምህሩ አፍ እየሰማ ለዓመታት ያጠናውን ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት መምህሯን የምታገኝ ልጅ የሚያስታውሳት ነገር ገና የላትም።

ልጄ አሁን አዲስ መምህር ይዛለች፤ በመስመሩ ኖታ ከሀ ሁ ጀምራለች። ተለጣፊዎቹን በጥፍሯ ስትፍቅ አምሽታ፣ የመሐሉ ዶ ላይ ያለው እንዲቀርላት ለምናን ትተንላታል። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉትን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች አንድ ቀን እጫወታለሁ ትላለች፤ እነዚያን ፈጠን ቀስ የሚሉ ጥቃቅን ጌጦች በድምፅ ስም ብቻ አነባለሁ ብትል ኖሮ ተስፋ ባልሰጠኋት ነበር።

ስለዚህ ማሠልጠኛዎች ዶ ሬ ሚውን እንዲተዉ አልጠይቅም። የሚጽፉት በፊደልም ይሁን በቁጥር፣ የድምፁን ርዝመት አብረው ይጻፉ፤ ልጁ ሁለቱን እጆቹን አንድ ላይ መጫወት ሲጀምርም አምስቱን መስመሮች ያስተዋውቁት፤ ይህ በትምህርታቸው ውስጥ ከሌለ ደግሞ ወላጅ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይነገረው።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት ተማሪ አባት፣ ከአዲስ አበባ